ሆድ እንጂ ቆሻሻ መጣያ አይደለም

ለመሆኑ ዛሬ ጠዋት ድንች ስትልጡ ልጣጩን የት ጣላችሁት? የቡናውን አተላስ? ከግቢያችሁ የታጨደው ሣርስ የት ደረሰ? «ይህ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው?» እንዳትሉኝ። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚሁ ነው። በግቢያችሁ የባዮጋዝ ማብላያ ያላችሁ፣ ወይም ለማሠራት የምታስቡ እህቶችና ወንድሞች፣ የወጥ ቤትና የጓሮ ትራፊ ወደ ጉድጓዱ ከመግባቱ በፊት እንዴት መዘጋጀት እንዳለበት ከእኔ ስሕተት ተማሩ ብዬ ነው ብዕሬን ያነሣሁት።

እኛ የምንኖረው ሐዋሳ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በጓሯችን ባለ 6 ሜትር ኩብ ማብላያ አሠራን። ያሠራነው ለዘመናዊነት ብለን አይደለም። አብረውን የሚኖሩት የባለቤቴ እናት ዕድሜያቸውን ሙሉ በእንጨትና በከሰል ጭስ ሲያበስሉ ኖረው ሳንባቸው ተጎድቷል። ሐኪሙ፣ «ከጭስ ካልራቁ መድኃኒቱ ብቻውን አይረዳቸውም» አለን። ነገሩ የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። መብራቱ ደግሞ እንደምታውቁት ይመጣል፣ ይሄዳል። ስለዚህ ወጡንና ቡናውን በባዮጋዝ፣ እንጀራውን መብራት ሲኖር በኤሌክትሪክ ምጣድ ማድረግ ጀመርን። ተራው የባዮጋዝ ምድጃ ለሰፊው ምጣዳችን አይበቃም።

ባዮጋዝ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በአምቦ የእርሻ ትምህርት ቤት የተሞከረው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራውን የጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ደግሞ በመጀመሪያ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በቀድሞው የደቡብ ክልል ከመሬት በታች የሚሠራውን ባለ ጉልላት ማብላያ አስፋፋ። የዚህ ማብላያ ስም ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ስንዱ» ነው! ሴትን «ስንዱ እመቤት» ስንል ሁሉን ቀድማ ያሰናዳች ማለታችን አይደል? እኔ ግን ስንዱ ማብላያ ይዤ ያልተሰናዳሁ ሴት ሆኜ ተገኘሁ።

አራቱ ባልዲዎች

ማብላያውን ስናሠራ ሁለት የተዳቀሉ ላሞች ነበሩን። የእኛን ያህል ማብላያ በቀን ከ30 እስከ 40 ኪሎ እበት ይፈልጋል፤ ሁለቱ ላሞች ይህን ያህል ይሰጡን ነበር። በኋላ የመኖ ዋጋ ሲወደድብን አንዷን ሸጥን። እበቱ በግማሽ ሲቀንስ ጋዙም በግማሽ ቀነሰ፤ ቁርስ ካበሰልን ለምሳ አይበቃም። ያን ጊዜ ነው ዓይናችንን ወደ ወጥ ቤት ትራፊ የመለስነው። በሕንድ አገር ፑኔ ከተማ የሚገኘው አርቲ የተባለ ተቋም በዋናነት በምግብ ትራፊ የሚሠራ አነስተኛ ማብላያ አዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2006 የአሽደን ሽልማት አግኝቷል። ታዲያ እነርሱ ከቻሉ እኛስ ምን ይሳነናል?

መቻሉንስ ይቻላል፤ ጥፋቱ የእኔ አያያዝ ነበር። የታላቋ ልጃችን ምረቃ ዕለት ቤታችን በሰው ተሞልቶ ዋለ። ለሰው የሚሆነውን ምግብ ለጎረቤት አከፋፈልን። ማታ ከየሳህኑ የተራገፈው ሩዝ፣ ፓስታ፣ ዳቦና እንጀራ ግን አራት ትልልቅ ባልዲ ሞላ። ጌታ አምስት ሺህ ሰው ከመገበ በኋላ ፍርፋሪው በአሥራ ሁለት መሶብ መሰብሰቡን እያሰብኩ፣ «እኛም ቤት ምንም አይባክንም» ብዬ ራሴን አመሰገንኩና አራቱንም ባልዲ በማብላያው አፍ ገለበጥኩት። አማቴ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲያዩኝ፣ «አንቺ ልጅ፣ ይሄ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይጎረሳል እንዴ?» አሉኝ። «እማማ፣ ሆዱ ሰፊ ነው» ብዬ ሳቅኩ።

በማግስቱ የግፊት መለኪያው ከወትሮው ከፍ ብሎ ሳየው ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ነበልባሉ ከምድጃው እየተነሣ ይጠፋ ጀመር። በአምስተኛው ቀን ክብሪት ብንለኩስ፣ ብንለኩስ፣ እምቢ አለ። ከመውጫው በኩል የሚመጣውም ሽታ የከረመ ሊጥ ሽታ ሆነ። ማብላያውን የሠራልን ወጣት መጥቶ አሸተተና፣ «እትዬ፣ ይሄ ሆድ ነው እንጂ ቆሻሻ መጣያ አይደለም» አለኝ።

እሳቱ እስኪመለስ 19 ቀን ፈጀ። 19 ቀን በከሰል አበሰልን። በዘጠነኛው ሌሊት አማቴ ትንፋሽ አጥሯቸው ሐኪም ቤት ወሰድናቸው፤ ኦክስጅን ተደርጎላቸው አደሩ። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ሳድር እነዚያ አራት ባልዲዎች ከዓይኔ አልጠፉም። እርሳቸው ግን ስለ ባልዲው አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

ምን ሆኖ ነው የታመመው?

በማብላያው ውስጥ በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን አሉ፤ ሥራቸውም በሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያዎቹ ፈጣኖች ናቸው፤ ምግቡን እያፈራረሱ ወደ አሲድ ይለውጡታል። ሁለተኛዎቹ ዝግተኞች ናቸው፤ አሲዱን እየተቀበሉ ሚቴን የተባለውን የሚነድ ጋዝ ይሠራሉ። ሁለቱ እኩል ሲራመዱ ጋዙ ከመቶ ከ50 እስከ 70 እጁ ሚቴን ይሆናል፤ ሰማያዊ ነበልባልም ይሰጣል። እንደ ሩዝ፣ ዳቦና እንጀራ ያለ ቶሎ የሚፈርስ ምግብ በብዛት ሲገባ ግን ፈጣኖቹ ያመረቱትን አሲድ ዝግተኞቹ መጨረስ ያቅታቸዋል። አሲዱ ይከማቻል፤ ዝግተኞቹም ሥራ ያቆማሉ። ጋዙ ቢበዛም አብዛኛው የማይነደው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። መለኪያው ከፍ ብሎ ያታለለኝም ይኸው ነው። ሊጥ ያለ ልክ ሲከርም እንዴት እንደሚኮመጥጥ የምናውቅ ሴቶች ይህን ለመረዳት አይከብደንም።

ስለዚህ ማብላያን እንደ ሕፃን ሆድ ቁጠሩት። የሚበላው ተመርጦ፣ ደቅቆ፣ ለስልሶ፣ ተመጥኖ፣ በሰዓቱ መሰጠት አለበት። እነዚህን አምስቱን አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛ፣ መለየት

በወጥ ቤታችሁ ክዳን ያለው ባልዲ ለማብላያው ብቻ መድቡ። የድንች፣ የካሮትና የሙዝ ልጣጭ፣ የበሰበሰ ቲማቲም፣ የጎመን ቅጠል፣ የፓፓያ ቅርፊት፣ የሻገተ እንጀራ፣ ዘይት ያልበዛበት የወጥ ትራፊ፣ የሻይ ቅጠልና የቡና አተላ ይገባሉ። ከጓሮ ደግሞ ለጋ ሣር፣ አረምና ተከትፎ የኮባ ቅጠል ይስማሙታል።

በጥቂቱ ብቻ የሚገቡም አሉ። የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት ልጣጭ፣ የሎሚና የብርቱካን ቅርፊት በውስጣቸው ባክቴሪያን የሚያዳክም ነገር አለ። በቀን አንድ ጭብጥ አይጎዳም፤ አንድ ባልዲ ግን ይጎዳል። ዘይትም ቢሆን ሲበዛ በላይ ላይ ይንሳፈፍና ቅርፊት ይሠራል።

ፈጽሞ የማይገቡት አጥንት፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የአቮካዶና የማንጎ ፍሬ፣ ቅርንጫፍ፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ላስቲክ፣ አፈርና አሸዋ ናቸው። እንጨት ነክ ነገር እዚያ ውስጥ አይፈርስም። አጥንቱና አሸዋው ከታች ይዘቅጡና ዓመት በዓመት የጉድጓዱን ሆድ ያጠብባሉ። የሳሙና እጣቢና በረኪናማ አይታሰብም፤ ባክቴሪያ ለመግደል የተሠራ ነገር እዚያም ሥራውን ይሠራል። ላማችሁ አንቲባዮቲክ ከተወጋች የዚያን ሰሞን እበቷን ለብቻ አድርጉት።

ሁለተኛ፣ መክተፍ

ባክቴሪያ ጥርስ የለውም። ሙሉ የጎመን ግንድ ብትከቱ ከሁለት ወር በኋላም ግንድ ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ። ሁሉንም የአውራ ጣት ጥፍር እስኪያክል፣ ማለትም ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ድረስ ክተፉት። ለልጣጭ ሙቀጫ ይረዳል፤ ለሣርና ለኮባ ቅጠል ገጀራና ግንድ ይበጃል። ረጅም ሣርና የጤፍ ገለባ ሳይከተፍ ከገባ እርስ በርሱ ተጠላልፎ ይንሳፈፍና እንደ ምንጣፍ ይነጠፋል። ጋዙም ከሥር ይታፈናል።

ሦስተኛ፣ መዘፍዘፍ

የተከተፈውን በባልዲ አድርጋችሁ ውሃ ጨምሩበትና ክዳኑን ግጠሙ። ለወጥ ቤት ትራፊ አንድ ሌሊት ይበቃዋል፤ ለሣርና ለቅጠል ሁለት ሦስት ቀን ስጡት። ከውሃው ጋር ከማብላያው መውጫ አንድ ጣሳ ዝቃጭ ብታክሉበት ባክቴሪያው ከወዲሁ ሥራ ይጀምራል። ባልዲውን ቀን ፀሐይ ላይ ብታውሉት ደግሞ ሞቅ ይላል። ማብላያ ሙቀት ይወዳል፤ ከ30 እስከ 38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በደንብ ይሠራል፤ ከ15 በታች ሲወርድ ያንቀላፋል። በክረምት ጋዙ ሲቀንስ የምናየው ለዚህ ነው። ከሦስት ቀን በላይ ግን አታቆዩት፤ ዝንብ ይወርሰዋል፤ ጉልበቱም በአየር ላይ ይባክናል።

አራተኛ፣ መመጠን

የተዘፈዘፈውን ለብቻው አትስጡት፤ ከእበት ጋር ይቀላቀል። እኛ ቤት ለሦስት እጅ እበት አንድ እጅ ትራፊ ነው የምናደርገው። እበት ለማብላያ እንደ እናት ጡት ወተት ነው። ባክቴሪያውም በውስጡ አለ፤ የካርቦንና የናይትሮጂን ሚዛኑም ከሚፈለገው፣ ማለትም ለአንድ እጅ ናይትሮጂን ከ20 እስከ 30 እጅ ካርቦን ከሚለው ልክ ብዙም አይርቅም። የደረቀ ቅጠልና ገለባ ካርቦን ይበዛባቸዋል፤ ለጋ ሣር ደግሞ ናይትሮጂን ይበዛበታል። እበቱ መካከል ገብቶ ያስታርቃቸዋል።

ውሃው ለእበቱ እኩል በእኩል ነው። ልጣጭና ትራፊ ግን አብዛኛው ራሱ ውሃ ስለሆነ ከተዘፈዘፈበት ሌላ አይፈልግም። ድብልቁ ለምጣድ እንደ ደረሰ የእንጀራ ሊጥ ሲፈስ ልክ ነው። ስታማስሉ ጠጠርና ገለባ ካገኛችሁ ልቀሙት።

መጠኑን ቀስ በቀስ አሳድጉ። ከደረሰብን በኋላ እኛ በቀን በግማሽ ኪሎ ትራፊ ጀመርን፤ በየሳምንቱ ግማሽ ግማሽ ኪሎ እየጨመርን አሁን 5 ኪሎ ደርሰናል። ድግስ ሲኖር ትራፊው ለዶሮዎችና ለኮምፖስት ጉድጓድ ይከፈላል፤ ማብላያው ከዕለት ድርሻው አያልፍም። አሥራ ሁለቱም መሶብ እኮ ተሰበሰበ እንጂ ባንድ አፍ አልተጎረሰም!

አምስተኛ፣ ሰዓት ማክበር

በየቀኑ፣ በአንድ ሰዓት። እኛ ጠዋት ከቁርስ በኋላ ነው የምናበላው። ሦስት ቀን አስጾሞ በአራተኛው ቀን የሦስቱን አንድ ላይ መስጠት ከእኔ አራት ባልዲ ብዙም አይሻልም።

አዲስ ማብላያ ያላችሁ ደግሞ ትራፊ ለመስጠት አትቸኩሉ። መጀመሪያ በእበትና በውሃ ብቻ ሙሉትና ጠብቁ። በመጀመሪያ የሚጠራቀመው ጋዝ አይነድም፤ ከቤት ውጭ፣ እሳት በሌለበት ይለቀቃል። ነበልባሉ ሰማያዊ ሆኖ ለጥቂት ሳምንታት ከጸና በኋላ ነው ልጣጭ የሚጀመረው።

ቢታመምስ?

ነበልባሉ ሲዳከምና ሲበር፣ ሽታው ሲኮመጥጥ፣ በመውጫው ላይ አረፋ ሲበዛ ትራፊውን ወዲያው አቁሙ። ለጥቂት ቀናት ምንም አትስጡት። ከዚያ በለብታ ውሃ የተበጠበጠ ጥቂት እበት በየቀኑ ጀምሩ። እኛን ያዳነን ከጎረቤት ደህና ከሚሠራ ማብላያ ያመጣነው ሁለት ባልዲ ዝቃጭ ነው። ጥቂት የተነፋ አመድም አሲዱን ያረግባል፤ ጥቂት ማለቴን ግን አስምሩበት።

ስለ ደኅንነትም ሳልናገር አላልፍም። ምድጃውን ስትለኩሱ አስቀድማችሁ ክብሪቱን ጫሩ፣ ከዚያ ቧንቧውን ክፈቱ። ቤት ውስጥ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ከሸተታችሁ መስኮት ክፈቱ፤ እሳት አትጫሩ፤ የመብራት ማብሪያም አትንኩ። የቧንቧውን መጋጠሚያ በሳሙና አረፋ ፈትሹት፤ አረፋው ከተነፋ ቀዳዳ አለ ማለት ነው። በምንም ምክንያት ማንም ሰው ጉድጓዱ ውስጥ አይግባ፤ ባዶ ቢመስልም ጋዙ ሰው ይገድላል። ክዳኖቹም ሕፃናት የማያነሡት ይሁን።

ታዲያ ይህ ሁሉ ድካም ያዋጣል?

እስቲ እናስላው። አንድ ኪሎ ትኩስ እበት ከ30 እስከ 40 ሊትር ያህል ጋዝ ይሰጣል። አንድ ኪሎ የምግብ ትራፊ እንደ ዓይነቱ እጥፉን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይሰጣል። የቤት ምድጃ በሰዓት ከ300 እስከ 400 ሊትር ይጠቀማል። የእኛ 5 ኪሎ ትራፊ እንግዲህ የአንድ ሰዓት ያህል እሳት ናት። የሽሮ ወጥና የከሰዓት ቡና ማለት ነች። ሥራው ደግሞ በቀን ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ከመውጫው የሚወጣው ዝቃጭ ለጎመናችንና ለኮባችን ማዳበሪያ ሆኗል፤ ናይትሮጂኑ አብሮ አይነድምና።

ላላሠራችሁ ግን አንድ ምክር አለኝ። ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ለሰባት ቀን ልጣጫችሁንና ትራፊያችሁን ለዩና በሚዛን መዝኑት። የላማችሁንም እበት መዝኑ። የማብላያው ስፋት በዚያ ይወሰን እንጂ በጎረቤት ማብላያ አይወሰን። ሲለካ ጥቂት ከሆነ ኮምፖስት ይበቃችኋል፤ እሱም መልካም ነው።

አማቴ ዛሬ ደህና ናቸው። ሳንባቸው ባይታደስም ሌሊቱን ተኝተው ያድራሉ። ልጣጩን የሚከትፉት አሁን እርሳቸው ናቸው፤ ቢላውንም ለማንም አይሰጡም። ባለፈው ሳምንት ቸኩዬ ያልተከተፈ የጎመን ግንድ ባልዲው ውስጥ ስጥል አዩኝ። ምንም ሳይሉ በእጃቸው አወጡት፤ ግንዱ ላይ አስቀምጠው ቀጭ፣ ቀጭ አደረጉት፤ ከዚያም ቀና ብለው አዩኝ። ሁለታችንም ሳቅን።

ውድ እህቴ፣ ነገ ጠዋት ድንቹን ስትልጪ አጠገብሽ አንድ ባልዲ ይኑር። እስከሚቀጥለው ዕትም ድረስ ቸር ያገናኘን፤ ቤታችሁ ከጭስ የራቀ ይሁን።